የቅዳሜ ጾም

እትዬ ሐረገ ወይን ከግድግዳው ማዶ ለጎረቤቷ ስለ ተከራይዋ ጽድቅ ስታወራ፣ ጻድቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ምራቁን በሃይላንድ ጠርሙስ ያጠራቅም ነበር። «ይኼ ልጅማ መነኮሰ በይኝ» ትላለች። «ዘጠኝ ሰዓት የለ፣ አሥራ አንድ ሰዓት የለ። ማታ ብቅ ብዬ ባየው እንኳ እህል አፉ አይገባም። የእኔዎቹ ሽሮው ወፈረ፣ ሽሮው ቀጠነ እያሉ ሲነጫነጩ ይኼ የገጠር ልጅ እንዲህ ይጾማል። እናቱ ታድላ።» ጎረቤቷ የመለሰችው አልተሰማም። ቻላቸው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው፤ ሁለት ጣት ያህል ሞልቷል። ከንጋት ጀምሮ ማስቲካ እያኘከ ያገኘው ይኸንኑ ነው። አሁን ምላሱ ደርቆ ከላንቃው ጋር እየተጣበቀበት ስለሆነ ከዚህ በላይ የሚወጣ ነገር ያለ አይመስልም። ውኃ ከጠጣ አንድ ቀን ሊሆነው ነው።

ቻላቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ትግል ይታገላል። አገር ቤት ጎረምሳው በበዓል ሜዳ ላይ የሚጣጣልበት ያው ትግል ነው፤ አሁን ግን ዳኛ፣ ፊሽካና ኪሎ ተጨምሮበት የትምህርት ቤቶች የባህል ስፖርት ውድድር ሆኗል። የወረዳው ቡድን ዛሬ በስምንት ሰዓት ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ይነሣል። በሃምሳ ሰባት ኪሎ የሚሄደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። በስድስት ሰዓት ሚዛን ላይ ወጥቶ ከሃምሳ ሰባት ካላለፈ ቻላቸው ይሄዳል፣ ካለፈ ተጠባባቂው ፊልጶስ ይሄዳል። ደብረ ታቦር ላይ ካሸነፉት መካከል ባሕር ዳር ለሚገኝ ማሠልጠኛ ልጆች ይመረጣሉ ተብሏል፤ እዚያ አልጋ አለ፣ ትምህርት አለ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ አለ። ቻላቸውን እንዲህ ያስራበው ይኼ በቀን ሦስት ጊዜ የሚሉት ነገር ነው። እዚያ ከገባ አባቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ ስንቅ ተሸክመው አምስት ሰዓት በእግር አይመጡም። አባቱ ግን ይህን ሁሉ አያውቁም። ትግል የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ይላሉ፤ ልጃቸውን ከተማ ያስቀመጡት እንዲማር ነው። ሰምተው ቢሆን በዚያው ቀን እጁን ይዘው ወደ አገራቸው ይመልሱት ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲቀንስ ማንም ያልጠረጠረው ዐቢይ ጾም ስለገባለት ነው። ሰው ሁሉ በሚጾምበት ወር አንድ ልጅ አልበላም ቢል ማን ይጠይቀዋል? ዝም ብሎ ይመሰገናል እንጂ። መጀመሪያ ላይ ምስጋናው ደስ ይለው ነበር፤ በኋላ ግን እትዬ ሐረገ ወይን በር ላይ ስታገኘው «በጸሎትህ አስበኝ» ማለት ስትጀምር ፈራ። ከእሷ ሌላ የሚያናግረውም የለም። ክፍሉን አብሮት የተከራየው ዘካርያስ ከጥምቀት ማግሥት ትምህርቱን ትቶ ወደ መተማ ለጉልበት ሥራ ሄዷል። ለሁለት የሚከፍሉትን ሰባት መቶ ብር ቻላቸው ብቻውን መክፈል ስለማይችል፣ እትዬ ሐረገ ወይን ክፍሉን ተካፍላ የሽንኩርት ጆንያዎቿን በዘካርያስ አልጋ ቦታ ደርድራለች። ማታ ማታ መብራት ሲያጠፋ ሽንኩርቱ ይሸተዋል። ከሁሉ የሚከብደው ረሃቡ አልነበረም፤ መራቡን የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነበር።

ከአልጋው ሥር ደግሞ ያለፈው ቅዳሜ አገልግል አለ። ውስጡ አሥራ ሁለት እንጀራ ነበር፤ ሦስቱን ብቻ በልቷል። እንዳይጥለው እንጀራ መጣል ነውር ነው። ለእትዬ ሐረገ ወይን እንዳይሰጣት «አንተስ?» ትለዋለች። ማክሰኞ ዕለት አውጥቶ ድርቆሽ ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ ግን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ የተሰጣ እንጀራ የማን እንደሆነ የማይጠይቅ የለም። ስለዚህ ገፋ አድርጎ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። ከዚያ ወዲህ አልከፈተውም።

አንድ ሰዓት ላይ ወጣ። ከውስጥ ካናቴራ፣ በላዩ የማዳበሪያ ከረጢት ላስቲክ ራስና ክንድ ማውጫ ተቀዶለት፣ በላዩ ሁለት ጃኬት ደርቦ አስፋልቱን ይዞ ሮጠ። ንፋስ መውጫ ላይ ማላብ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ነፋሱ ላቡን ገና ከአንገት ብቅ ሲል ይወስደዋል። የገበያ ቀን ስለሆነ ከወዲያ በግና ገብስ የያዘው ገበሬ ይመጣል፤ ሁሉም ወደ ከተማው ሲገባ እሱ ብቻ ወደ ውጭ ይሮጣል። አንዲት ድንች የጫነች ሴትዮ ቆም ብላ «ምን አባረረህ ልጄ?» አለችው። የሚመልስበት ምራቅ አልነበረውም። ዳገቱ ላይ ዓይኑ ጥቁር ነጥብ ማየት ሲጀምር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ላስቲኩ ውስጥ ውኃ ወገቡ ድረስ ሲወርድ ተሰማውና በዚያች ብቻ ተጽናና።

ሲመለስ ባጃጅ መቆሚያው ጋ አቶ ፈንታሁን የቤት ሚዛኑን ካርቶን ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። አንድ እግሩ አይታዘዝለትም፤ ሰው እየመዘነ አምስት ብር ይቀበላል። ቻላቸው ጫማውንና ጃኬቶቹን አውልቆ ወጣ። መርፌዋ ተንቀጠቀጠችና ሃምሳ ሰባት ተኩል ላይ ቆመች።

«የመጣው ሁሉ ስንት ጨመርሁ ነው የሚለኝ» አለ አቶ ፈንታሁን። «ስንት ቀነስሁ የሚለኝ አንተ ብቻ ነህ። ፀጉርህንም ተላጨህ። አሁን የቀረህ ነፍስህ ናት፤ እሷ ደግሞ አትመዘንም።»

ቻላቸው ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ የደረቀው ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ግማሽ ኪሎ ቀርቶታል፤ ሦስት ሰዓት ተኩል አለው። ተኝቶ ቢቆይ፣ ምንም ባይቀምስ፣ ትንሽ ቢያልበው ይደርሳል። ሒሳቡን ሲሠራ ቆይቶ ግቢው በር ሲደርስ ነው የአባቱን ዱላ ከበሩ መቃን ተደግፎ ያየው።

አባቱ አቶ አለበል እትዬ ሐረገ ወይን በር ላይ በርጩማ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ሁልጊዜ አምስት ሰዓት ላይ ነበር የሚደርሱት፤ ዛሬ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን ደርሰዋል። እትዬ ሐረገ ወይን ወሬዋን ጀምራለች፤ ማታ እንደማይበላ፣ ጠዋት እንደማይበላ፣ እንዲህ ያለ ልጅ በዚህ ዘመን እንደሌለ። አባቱ መሬት መሬት እያዩ ይሰማሉ፤ ደስ እንዳላቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። ቻላቸው ጉንጫቸውን ሲስም እጃቸው ትከሻው ላይ አረፈና እዚያው ቆየ፤ አጥንቱን የሚቆጥሩ መሰለው።

«ከስተሃል» አሉ።

«ጾም አይደል እንዴ፣ አባቴ።»

«ዛሬም ቢሆን እኮ ምንም አልቀመሰም» አለች እትዬ ሐረገ ወይን በኩራት፤ ልጁ የእሷ የሆነ ያህል።

አባቱ ቀና አሉ። «ዛሬ?» አሉ። «ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ? ቅዳሜ ከሥጋና ከቅቤ ይታቀቡታል እንጂ ከእህል ከውኃ ማን ይጾመዋል? ሰንበት አይደለም ወይ!»

ሁለት ሳምንት ሙሉ የሸፈነው ጾም በዚህች ቃል ተገፈፈ። አባቱ በልጅነታቸው ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ቤት ሁለት ዓመት ዜማ ተምረዋል፤ ድምፃቸው ሲሰበር ትተውት ወደ እርሻ ቢገቡም የጾምን ሕግ ከእሳቸው ጋር የሚከራከር በቀበሌው የለም። ቻላቸው ይህን ያውቃል። ቅዳሜ እንደማይጾም ማንም የገጠር ልጅ ያውቃል፤ እሱም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ከኪሎ በስተቀር የሚቆጥረው ነገር ስላልነበረው ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን ያስታወሰው ለሚዛኑ ብቻ ነበር። አባቱ ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም ሳቅ አሉ። «ጽድቅ ሲበዛ እንዲህ ያሳስታል። በል ግባ፤ እናትህ የሱፍ ፍትፍት ልካልሃለች፣ ሳይደርቅ እንብላ።»

ክፍሉ ለሁለት ሰው ይጠባል። አባቱ አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ ቻላቸው የሽንኩርት ጆንያ ላይ። አዲሱ አገልግል ተከፈተ። እንጀራው ነጭ ጤፍ ነው፤ ባለፈውም ነጭ ነበር። በረዶ ሰብሉን ስለመታ ዘንድሮ አገር ቤት ጤፍ እንደሌለ ቻላቸው ሰምቷል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቆ አያውቅም። የሱፉ ሽታ ወደ አፍንጫው ሲገባ ሆዱ ጮኸ። አባቱ ሰሙት፤ እንዳልሰሙ ሆነው እጃቸውን ታጠቡ።

«እርስዎ ይብሉ እንጂ» አለ ቻላቸው። «እኔ ቆይቼ እበላለሁ።»

«እኔ ከቤት በልቼ ነው የወጣሁ። አንተ ብላ።» ጠቅለል አድርገው ጉርሻ ዘረጉለት። ያባት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? የአባቱ እጅ ከአፉ ፊት ቆሟል፤ ጣቶቹ ጥፍራቸው ድረስ በሥራ የተሰነጣጠቁ ናቸው። ቻላቸው አፉን ከፈተ። ጉርሻው ወደ ጉንጩ ገባ፤ ምላሱ ሥር ሰደደው፤ አላኘከውም። አባቱ ሁለተኛውን ጠቀለሉ። «አንድማ ያጣላል» አሉ። ሁለተኛውን በሌላኛው ጉንጩ ያዘው። ሱፉ እየሟሟ ወደ ጉሮሮው ሊወርድ ሲል ትንፋሹን ያዘ፤ በእጁ መጣሁ የሚል ምልክት አሳየና ወጣ።

ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮውና አጥሩ መካከል፣ ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም ጉርሻ ተፋው። ጣቱን አስገብቶ ጥርሱ መሐል የቀረውን አወጣ። ከዚያ በእግሩ አፈር ገፋበት፤ ነጩ እንጀራ ከአፈሩ ሥር አልሸፈን አለ፤ እንደገና ገፋ። ቀና ሲል አባቱ ጆግ ይዘው ቆመዋል። ትን ያለው መስሏቸው ውኃ ይዘው ተከትለውት ነበር።

አባቱ አፈሩን አዩት። ልጃቸውን አላዩትም። ጆጉን ቀስ አድርገው ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ተመልሰው ገቡ።

ቻላቸው የት እንደሚሄድ አጥቶ ቆየ። ተመልሶ ሲገባ አባቱ አሮጌውን አገልግል ከአልጋው ሥር አውጥተውታል፤ ባዶውን ይዘው ሊመለሱ ነበር የፈለጉት። ክዳኑ ተከፍቷል፤ ዘጠኙ እንጀራ አረንጓዴና ጥቁር ለብሷል፤ ሽታው ሽንኩርቱን አሸንፎታል። አባቱ ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሻገተውን ካልሻገተው በጥፍራቸው ይለያሉ። ደህና የሆነውን ከመሐል ከመሐል እየቀደዱ በጋቢያቸው ጫፍ ላይ ያስቀምጣሉ። ቻላቸው አባቱ ቤተ ልሔም ሳሉ አኩፋዳ አንጠልጥለው በየደጁ ቁራሽ ይለምኑ እንደነበር ሲያወሩ ሰምቶ ያውቃል። ያን ጊዜ ወሬው ያስቀው ነበር፤ ውሾች እንዴት እንዳባረሯቸው ስለሚያወሩለት። አሁን እጃቸው ቁራሹን እንዴት እንደሚያውቅ ሲያይ የሚገባበት ጉድጓድ ተመኘ።

«የእናትህ እጅ አልጣመህም?» አሉ በመጨረሻ።

«አይደለም፣ አባቴ።»

«አሞሃል?»

«አላመመኝም።»

በዚያች ሰዓት እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ለስድስት ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀርቶታል፤ ቢናገር ደግሞ አልሄድም ማለት ነው፣ ሁለት ሳምንት በከንቱ ተራበ ማለት ነው። አባቱ የለዩትን ቁራሽ በጋቢው ጫፍ ቋጠሩት። «ይኼ ለመንገዴ ይሆነኛል» አሉ። ቻላቸው ትምህርት ቤት ጉዳይ እንዳለው ተናገረ። «በል ሂድ» አሉት፤ ቀና ብለው አላዩትም።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ከጤና ጣቢያ የተዋሱት ሚዛን መሐል ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ በቁምጣ ቆመዋል፤ ሁለት የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ወረቀት ይዘዋል። መምህር ጥበቡ፣ የስፖርት መምህራቸው፣ ወጣት ነው፤ ቻላቸውን ሲያይ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ገለጠ አድርጎ አየው። «ራስህን አዞረህ?» አለው። «አላዞረኝም ቲቸር» አለ ቻላቸው፤ አዳራሹ ግን ይዞር ነበር። ፊልጶስ ጥግ ላይ ቦርሳውን ታቅፎ ተቀምጧል። የቻላቸውን መውደቅ በመመኘቱ ያፈረ ይመስላል፣ ወደዚህ አያይም። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ እሱም በቀን ሦስት ጊዜ የሚለውን ሰምቷል።

ቻላቸው ወጣ። ሃምሳ ሰባት ከመቶ ግራም።

ወረደ፤ ካልሲውን አወለቀ፤ ወጣ። ያው ነው። መምህር ጥበቡ ሰዓቱን አየና ዐሥር ደቂቃ ሰጠው። ቻላቸው እዳር ሄዶ ዘለለ፤ ጠርሙሱን አፉ ላይ አድርጎ ለመትፋት ታገለ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ምላሱ ሥር የሱፉ ጣዕም ብቻ አለ። የዋጠው ይሆን? ሳያውቀው የወረደችው የሱፍ ውኃ ትሆን መቶዋ ግራም? አባቱን ለአንዲት ደቂቃ ተቆጣቸው፤ ወዲያው በቁጣው ዕንባ ሊመጣበት ደረሰ። ማተቡ ላይ ያለችውን የእንጨት መስቀል ዳሰሰ። ማተቡን ግን አይፈታም፤ እስከዚያ ድረስ አልሄደም።

«የቀረው ቁምጣው ነው» አለ አንደኛው የጽሕፈት ቤት ሰው። «ያውልቅና የሚጋርደው ነገር ይያዝለት። ፎጣ ያለው?»

ፎጣ ያለው አልነበረም። «እኔ ጋቢ አለኝ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

አቶ አለበል አዲሱን አገልግል ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ልጃቸው ከወጣ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው አስበው አስበው፣ እህል የሚተፋ ልጅ ቢታመም ነው ብለው፣ ሰው እየጠየቁ ተከትለውት መጥተዋል። አሁን ደግሞ ልጃቸው ራቁቱን በቁምጣ፣ የጤና ጣቢያ ሚዛን፣ ወረቀት የያዙ ሰዎች ሲያዩ ጥርጣሬያቸው ተረጋገጠ። «ምርመራ ላይ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «ሕመሙ ታወቀ ወይ ጌቶቼ?» ልጆቹ ሊስቁ ብለው የሽማግሌውን ፊት ሲያዩ ተዉት። መምህር ጥበቡ ጋቢውን ተቀበላቸው። አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ፣ ሌላውን አባትየው ያዙ፤ የተቋጠረው ቁራሽ በእሳቸው በኩል ተንጠልጥሏል። ቻላቸው ከጋቢው ጀርባ ቁምጣውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ወጣ። የአባቱን ፊት ከጋቢው በላይ ያየዋል፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የልጃቸውን ገመና አያዩም። ጋቢው ጭስና በግ ይሸታል፣ ቤታቸውን ይሸታል።

«ሃምሳ ሰባት» አለ ሰውየው። «ልክ። ተጻፈ።»

ፊልጶስ ቦርሳውን አንሥቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ልጆቹ አጨበጨቡ። መምህር ጥበቡ አሁን ደስ ብሎት ለአባትየው ያስረዳቸው ጀመር፤ ልጃቸው ታጋይ እንደሆነ፣ ደብረ ታቦር እንደሚሄድ፣ ለዚህ ብሎ በሁለት ሳምንት አምስት ኪሎ እንደቀነሰ። «ቆራጥ ልጅ ነው ያለዎት» አላቸው። «እህል እያየ የሚታገሥ እንዲህ ያለ ልጅ አልገጠመኝም።»

አባቱ ነገሩን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። «ስለዚህ አላመመውም» አሉ።

«ኧረ ጤነኛ ነው።»

«ከሥጋው ስለጎደለ ነው የተጨበጨበለት?» ድምፃቸው አልከረረም፤ የገበያ ዋጋ የሚጠይቁ ይመስላሉ። «እንዲያማ ከሆነ የእኛ ቀበሌ ሰው ሁሉ ጀግና ነው።»

መምህር ጥበቡ ሳቀ። ሰውየው የቀለዱ መስሎት ነው፤ ቀልድም ነበረበት። «እስቲ እንግዲያው እርስዎም ይውጡ» አላቸው። «ከልጅዎና ከእርስዎ ማን ይከብዳል?» አባቱ እምቢ ለማለት አፈሩ፤ በዕድሜያቸው ሚዛን ላይ ወጥተው አያውቁም፣ ሲመዘን የኖረው እህላቸውና በጋቸው ነው። ኮታቸውን እንደለበሱ፣ በላስቲክ ጫማቸው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው፣ ዱላቸውን እንደያዙ ወጡ። ዱላውን ከሚዛኑ ውጭ መሬት ላይ እንዳያስደግፉ ሰውየው ሲነግራቸው አነሡት።

«አርባ ዘጠኝ» አለ ሰውየው።

«ከበድሁ?» አሉ አባቱ።

ቻላቸው ቁምጣውን እየታጠቀ ነበር፤ እጁ ገመዱ ላይ ቆመ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኪሎን ሲማር ነው የከረመው። ኮት አንድ ኪሎ እንደሚሆን ያውቃል፤ ጋቢ ከኮት እንደማያንስ፣ ዱላና ጫማ ስንት እንደሚጨምሩ ያውቃል። አባቱ ከእሱ በአንድ ስንዝር ይረዝማሉ። እሱ ራሱን እንዲህ አሰቃይቶ፣ ተፍቶ፣ ሮጦ፣ ዋሽቶ፣ ራቁቱን ሆኖ የደረሰበትን ኪሎ አባቱ ከነጋቢያቸው ወደ ታች አልፈውት ሄደዋል። እሳቸውን ግን ማንም አላሠለጠናቸውም፣ ማንም አላጨበጨበላቸውም። ነጩ ጤፍ ከየት እንደሚመጣ አሁን ገባው።

አውቶቡሱ እስኪነሣ ከአዳራሹ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀመጡ። ነፋሱ አቧራ ያነሣል፤ አባቱ አገልግሉን በጋቢያቸው ከለሉት። ከተመዘነ በኋላ መብላት ይቻላል፤ ልጆቹ ሁሉ ወደ ሻይ ቤት ሮጠዋል። ቻላቸው መሬቱን በእንጨት እየጫረ ስለ ማሠልጠኛው ነገራቸው፤ ስለ አልጋው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚሰጠው ምግብ። «እዚያ ከገባሁ» አለ፣ «እርስዎ ስንቅ ይዘው አይለፉም። በየሳምንቱ ይኼን መንገድ አይመጡም።»

አባቱ የባሕር ዛፉን ጫፍ እያዩ አሰቡ። «እሱስ ደግ ነው» አሉ። «ግን ስንቅ ከሌለ ምን ብዬ እመጣለሁ? አንተን የማይህ በስንቁ ምክንያት ነበር።»

ቻላቸው ይህን አላሰበውም ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያላሰበው ነገር የለም ብሎ ነበር፤ ይህን ግን አላሰበውም። አባቱ እንደ ጠዋቱ እጃቸውን ወደ እንጀራው ሰደዱ። «አሁንስ ትውጣለህ?» አሉ። ጥያቄው ውስጥ ነቀፋ አልነበረም፤ ለማወቅ ነው።

«መጀመሪያ እርስዎ።»

«እኔማ በልቼ ነው የወጣሁ አላልሁህም?»

«በስንት ሰዓት ነው ከቤት የወጡት?»

«ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ።»

«ሌሊት አሥር ሰዓት ምን በልተው ወጡ?»

አባቱ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ መለሱ። ቻላቸው ይህን ፊት ያውቀዋል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እትዬ ሐረገ ወይን «በላህ?» ስትለው የሚያሳያት ፊት ነው። እጁን ታጠበ። ከነጩ እንጀራ ቆርሶ ፍትፍቱን አብዝቶ ጠቀለለና ወደ አባቱ አፍ ዘረጋ። አባቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ለመንገድ ይዣለሁ» ብለው በጋቢያቸው ጫፍ የተቋጠረውን ቁራሽ አሳዩት። ቻላቸው እጁን አልመለሰም። ክንዱ ቢደክምም ቀና አድርጎ እንደያዘው ቆየ። ከግቢው በር አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ፤ መምህር ጥበቡ ስሙን ጠራ። በመጨረሻ አባቱ እንደ ሕፃን ልጅ አፋቸውን ከፈቱ።

ቀስ ብለው አኘኩ። ቻላቸው ሁለተኛውን እየጠቀለለ ነበር፤ አንድማ ያጣላል። መምህሩ ደግሞ ተጣራ። ቻላቸው ግን አልተነሣም፤ የመጀመሪያው ጉርሻ ሲወርድ እስኪያይ ድረስ ዓይኑን ከአባቱ ጉሮሮ ላይ አላነሣም።